ከደጀ ሰላሙ ወዲህ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሽሮ ሜዳን አቋርጦ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የጉለሌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግራና ቀኙ ነጠላ፣ ጋቢና ባለጥለት ቀሚስ የተንጠለጠለባቸው ሱቆች ናቸው። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ከላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ እንጦጦ ማርያም፣ ራጉኤልና ኪዳነ ምሕረት አሉ። የጭራሮና የቅጠል ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ላይ የደረሰው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያማትባል፣ ግንቡን ይስማል፣ ጫማውን አውልቆ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታች ሲወርድ ደግሞ ያው ሰው በማርያም ስም እየማለ ዋጋ ይከራከራል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የእግዚአብሔር ቅድስና የሚያበቃው የት ነው? ፍርዱስ የሚጀምረው መቼ ነው? በአኗኗራችን ለመጀመሪያው «ደጀ ሰላሙ ላይ»፣ ለሁለተኛው «በመጨረሻው ቀን» ብለን የመለስን ይመስላል። ቅድስናን ለቦታ፣ ፍትሕን ለቀጠሮ ሰጥተናል። ይህ ክፍፍል ከቅዱሳት መጻሕፍትም፣ ከአባቶች ትውፊትም፣ ከገዛ ቋንቋችንም አልመጣም፤ ሦስቱም ይቃወሙታል ብዬ እሟገታለሁ።

ከቋንቋው ልጀምር። «ቅዱስ» የተለየ ማለት ነው፤ ቅዳሴም መቅደስም የሚወጡት ከዚሁ ከ«ቀደሰ» ነው። እግዚአብሔር የተለየ ነው ስንል ግን ከምን እንደተለየ መጠየቅ ይገባል። ከሐሰት፣ ከነውርና ከአድልዎ የተለየ ነው ብለን ካመንን፣ ቅድስናው ወደ ሰው ጉዳይ የማይገባ ርቀት ሊሆን አይችልም። «ኩነኔ» የሚለው ቃል ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ዛሬ በአማርኛ ስንሰማው የሚታየን የሲኦል እሳት ብቻ ነው። በግእዝ «ኰነነ» ፈረደም፣ ገዛም ማለት ነው፤ «መኰንን» የሚባለው ሹም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አባቶቻችን መግዛትንና መፍረድን በአንድ ግሥ ሲናገሩ ኖረዋል፤ በዚያ ግሥ ውስጥ የማይፈርድ ገዥ ቦታ የለውም። «ፍትሕ»ም እንዲሁ «ፈትሐ» ከሚለው ይወጣል፤ ፈታም ፈረደም ነው። ካህን ንስሐ የገባውን «ይፍታህ» ሲለው፣ ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ሲደርስ፣ ዳኛ ለተበደለ ፍትሕ ሲሰጥ ሥሩ አንድ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ፍርድ ቋጠሮን መፍታት ነው። ስለዚህ የእግዚአብሔር ፍርድ ሲነገር የቋጠረው ሰው ቢደነግጥ፣ የተቋጠረበት ተስፋ ያደርጋል፤ ሁለቱ አንድን ስብከት ጎን ለጎን ቆመው ሊሰሙት ይችላሉ።

መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ወይም አንዱ የሌላውን ንብረት ሲነጥቅ እስከ ዛሬ የምንሰማው ጩኸትም ምስክር ነው፤ «በሕግ አምላክ!» ይባላል። ቃሉን የሚጮኸው ሰው ፖሊስ አይደለም፣ መሣሪያም አልያዘም። ጥንት በዚህ ቃል የተያዘ ሰው እንዲቆም ይጠበቅበት ነበር፤ አላፊ አግዳሚውም የመንገድ ዳኛ ሆኖ ነገሩን እንዲያይ ይጠየቃል። አቧራው መሐል፣ ከማንኛውም አጥር ውጭ፣ እግዚአብሔር የሕግ አምላክ ተብሎ ይጠራል። ይህን ቃል የፈጠረ ሕዝብ የእግዚአብሔር ዳኝነት ለምጽአት ብቻ የተቀጠረ ነው ብሎ አላመነም። «ደጅ ጥናት»ም እንዲሁ ነው፤ የንጉሥ ደጅ እንደሚጠና ሁሉ የእግዚአብሔርም ደጅ ይጠናል። ሰው ደጅ የሚጠናው ደግሞ የሚሰማና የሚወስን ጌታ ውስጥ አለ ብሎ ሲያምን ነው።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ጫማ ማውለቅን ያስተማረን ሙሴ በኮሬብ ያየው እሳት ነው። መሬቱ ቅዱስ እንደሆነ ተነግሮት ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያው ነበልባል፣ በዚያው ንግግር ቀጥሎ የሰማው ግን በግብፅ ጡብ የሚጠፈጥፉት ባሮች ጩኸት ወደ እግዚአብሔር መድረሱን ነው። ቅድስናው የተገለጠለት ሰው ወደ ፈርዖን ተላከ። እኛ ከታሪኩ ጫማውን ይዘን ጩኸቱን ትተናል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ም እስራኤል እንደ አምላካቸው ቅዱሳን እንዲሆኑ በማዘዝ ይከፈታል። አንባቢ ከዚያ በኋላ ስለ ዕጣንና ስለ መሥዋዕት ብቻ ይነገረኛል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። የሚያገኘው ግን ለድኻና ለመጻተኛ የሚቀር ቃርሚያ፣ እስኪነጋ ማደር የሌለበት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የማይሰደብ ደንቆሮ፣ ዕንቅፋት የማይቀመጥበት ዕውር፣ ለድኻም ለባለጠጋም የማያደላ ዳኛ፣ በመጨረሻም እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ ነው። መቅደሱና ገበያው አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፤ በየትእዛዙ መጨረሻ የሚደጋገመው የእግዚአብሔር ስምም ለሁለቱ አንድ ነው።

ኢሳይያስ ይህን ወደ አንድ ነጥብ ያመጣዋል። በአምስተኛው ምዕራፍ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ እየጨመሩ ድኻን ስለሚያስወጡ፣ በጉቦ በደለኛን ስለሚያጸድቁ ሰዎች ይናገርና መሐል ላይ የቅዱሱ አምላክ ቅድስና የሚታየው በጽድቁ እንደሆነ ይመሰክራል። ከዚህ ቀጥሎ ነው ስድስተኛው ምዕራፍ፣ ሱራፌል ፊታቸውን የሸፈኑበት ራእይ የሚመጣው። ያ ራእይ በየቅዳሴው የምንተባበርበት ምስጋና ምንጭ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን በዚህ ቦታ የሚተርኩት ነገር ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ ይበልጣል። ንጉሥ ዖዝያን ካህን ሳይሆን በትዕቢት ሊያጥን ወደ መቅደስ ሲገባ፣ ወዳጁ ኢሳይያስ ሊገሥጸው ሲገባ አፍሮ ዝም አለ፤ በዚህም ከንፈሩን ለምጽ መታው፣ ትንቢትም ራቀው ይላሉ። ዖዝያን በሞተበት ዓመት ራእዩን ሲያይ ከንፈሩ የረከሰ መሆኑን የተናዘዘው ለዚህ ነው፤ ሱራፊው በጉጠት ያመጣው ፍሕምም ያረፈው በከንፈሩ ላይ ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት በቅዱሱ ፊት ያስወቀሰው ርኩሰት ለባለሥልጣን ወዳጅ ሲባል የተዋጠ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ንጽሕና ስንናገር ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ሥጋ እንናገራለን፤ ስለ ዝምታ ግን አንናገርም።

ይህን ስል ፍርሃቱን፣ ክብሩን፣ መጋረጃውን የሚያቃልል ወገን ውስጥ መቆጠር አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ መከፈሏ፣ ታቦቱ መሸፈኑ፣ ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሰው ትሕትና፣ እነዚህ ሁሉ ውድ ትምህርት ናቸው። እግዚአብሔር እኩያችን እንዳልሆነ፣ እንደ ጎረቤት ትከሻውን መታ መታ የምናደርገው ወዳጅ እንዳልሆነ እግራችን፣ ጉልበታችንና ዓይናችን ይማራሉ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ዘንድ መድረኩ እየደመቀ፣ መዝሙሩ ስለ እኔ በረከትና ስለ እኔ ከፍታ እየበዛ በሄደባቸው ጉባኤዎች ይህ ፍርሃት በመሳሳቱ የሚያዝኑት የራሳቸው አገልጋዮች ናቸው። ፍርሃቱ ጎድሎብን ሳይሆን ከደጁ ሳናወጣው እየቀረን ነው የተቸገርነው። መጋረጃው ወደ ኋላ የሚመልሰን እንደ ሙሴ ሊልከን ነበር።

አገራችን ይህን በታሪኳ ታውቀዋለች። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባስቀረጸው የአክሱም ጽሑፍ የሰማይን ጌታ አመስግኖ ሲያበቃ ሕዝቡን በጽድቅና በቅንነት፣ ያለ ግፍ እንደሚገዛ ቃል ይገባል። ከክርስቲያን ንጉሥ ከተረፉልን ቀዳሚ ቃላት መካከል አንዱ እንግዲህ ስለ ፍትሐዊ አገዛዝ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በኢብን አል አሳል ተሰባስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊው ኑሮ ናቸው። ስለ ጳጳስ ሹመት የሚናገረው መጽሐፍ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ኪራይም ይናገራል። በዘመኑ የነበረውን ቅጣት ሁሉ ልንደግፍ አይገባም፤ ባርነትን ተቀብሎ መደንገጉ ደግሞ ራሱን ያስወቅሰዋል። መሠዊያንና ሱቅን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ ግን ሊታወስ የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የእግዚአብሔር አገዛዝ የሚለው ትምህርት ነገሥታቱን ከጥያቄ በላይ አላደረጋቸውም ወይ? አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ቅብዐ ቅዱስ የነካውን ራስ ማን ይከስሰዋል? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቅባቱ ብዙ ግፍ ሸፍኗል። ግን ያው ትምህርት ከሳሾችንም አፍርቷል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት በማግባቱ የደብረ ሊባኖሱ አባ ፊልጶስና አባ አኖሬዎስ ገሥጸውታል። አኖሬዎስ ተገረፈ፣ ፊልጶስ ተሰደደ። ኢሳይያስ በዖዝያን ፊት ያላደረገውን እነርሱ አደረጉ ማለት ነው። ንጉሥ በእግዚአብሔር ስም ከተሾመ በእግዚአብሔር ስም ይጠየቃል። ሹመቱን የሚቀበል ጥያቄውንም ይቀበላል፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን የሚጥል ቲዎሎጂ በእነዚህ አባቶች ገድላት ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ ልመለስ፣ ነገሩ ከዚህ በላይ የሚጨበጥበት ቦታ የለምና። ነጠላ የአምልኮ ልብስ ነው። ግራና ቀኙ ተጣፍቶ በመስቀል ምልክት ይለበሳል፣ ለለቅሶ ይዘቀዘቃል፣ ንጣቱ የንጽሕና ምሳሌ ነው። ይህን ነጭ ልብስ ለዘመናት የሸመነው እጅ ግን በክርስቲያን ኅብረተሰብ መሐል ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ ነበር። ከጉለሌ ሳንወጣ፣ ቀጨኔ ላይ ጀበናውን፣ ድስቱንና ምጣዱን የሚሠሩ እናቶች «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል፤ እጃቸው የሠራውን ሸክላ በምድጃችን ጥደን ዓይናቸውን ፈራን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ነውሩ ሥር ስለሰደደ ነው። እንጨት ጠራቢ በሆነ ሰው ቤት ያደገ ጌታ የሚመለክባት አገር ባለሙያን በእጁ ሥራ ማዋረዷ የባህል ጉድለት ብቻ ተብሎ መታለፍ የለበትም። በቅዱሱ መልክ የተፈጠረን ሰው ርኩስ ማለት በቅድስናው ላይ የተነገረ ሐሰት ነው።

ስድቡ ዛሬ ለዝቧል፤ ሥራው ላይ ያለው ግፍ ግን መልኩን ቀይሯል። ሽመናን ወደ ጉለሌ ያመጡት በዋናነት ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜና የአጎራባች አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ታታሪነታቸው ከተማዋን አልብሷል። በዚሁ መስመር ግን «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» እየተባለ ከቀያቸው የሚመጡና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሸምኑ ሕፃናት ጉዳይ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ጓዳ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ግን ከተቆጣጣሪ ዓይን ይርቃል። ይህን ሁሉ ሸማኔው ላይ ለመጫን አልጻፍሁትም፤ አብዛኛው ሸማኔ ራሱ በነጋዴና በገዢ መሐል የተጨመቀ፣ የፈትል ዋጋ ሲንር የድካሙ ዋጋ የማይንርለት ሰው ነው። ጥያቄው ለምእመኑ ነው። በልጅ ጉልበት የተሸመነ ነጠላ አጣፍቶ በቅዱሱ ፊት የቆመ ሰው ምን ለብሶ ነው የቆመው? ሌዋውያን 19 ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ከዚሁ ገበያ ሳንወጣ መሐላው አለ። «ማርያምን አላተርፍበትም»፣ «ሚካኤልን የገዛሁበት ነው» ይባላል። ይህን እንደ ቀልድ የሚያልፉት አሉ፤ የንግድ ቋንቋ ነው፣ ማንም አያምነውም ይላሉ። ማንም ካላመነው ደግሞ ይብሳል፤ የቅዱሳኑ ስም ዋጋ ቢስ ሳንቲም ሆኗል ማለት ነው። ቅድስና ስም አለው፤ ስሙን በሐሰት ማንሳት ታቦቱን ከመንበሩ አውርዶ መደብ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ያለመሐላ እውነተኛ ዋጋ የሚናገር አንድ ባለሱቅ ለእግዚአብሔር ስም የሚያደርገው ክብር ቀላል አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ባለሱቆች ደግሞ በሽሮ ሜዳም አሉ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የተለመደው እንዲህ የሚል ነው፦ ፍርድ የእግዚአብሔር ከሆነ እኛ ምን አገባን? «ለእግዜር ሰጠሁት» ብሎ መተው የእምነት ወግ አይደለም ወይ? እዚህ ላይ ማን እንደሚናገረው መለየት ያስፈልጋል። ቀበሌ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ተመላልሳ ያልሰመረላት፣ ደመወዟ የቀረባት የቤት ሠራተኛ «ለእግዜር ሰጠሁት» ስትል ይግባኝ እየጠየቀች ነው፤ ከምድር ችሎት ወደ ሰማይ ችሎት መዝገቧን አሻግራለች። ይህ ቃል ሊከበር ይገባል፣ አሠሪዋም ሊፈራው ይገባል። ግፉን ያየና ሊያስቆመው የሚችል ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ፣ ሽማግሌ ወይም አገልጋይ ይህንኑ ቃል ሲናገር ግን ኃላፊነቱን አውርዶ እግዚአብሔር ላይ እየጫነ ነው። በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ታዘናል፤ ፍርድ ማጓደልን እንድንተውለት ግን የትም አልታዘዝንም። ነቢያቱ በበቀል ፋንታ ለመበለቲቱ እንድንሟገት ነው የሚጠይቁን።

ሌላው ተቃውሞ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ይመጣልና በጥንቃቄ መመለስ አለበት። ኪዳኑ ምሕረት ከሆነ ስለ ፍትሕ ይህን ያህል ማውራት ምን ይሠራል? ምሳሌው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ በተአምረ ማርያም ይነበባል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥሏል። 78 ሰው የበላው ሰው ለአንድ በውኃ ጥም ለሚሠቃይ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ አጋደለችለት። ታሪኩን «ምንም ብትሠራ ግድ የለም» እንደሚል አድርገው የሚተረጉሙት ብዙ ናቸው። ሥዕሉን ደኅና አድርጎ ላየው ሰው ግን ሚዛኑ አልተጣለም፤ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ያዳነችው ሥራም በዘፈቀደ የተመረጠች አይደለችም። ሰውን ሲበላ የኖረ ሰው ሰውን አጠጣ፤ ያጠጣውም ሌላው ሁሉ የሚሸሸውን ነው። ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስን እንደማትመዝን ማንም ያውቃል፤ ትርፉ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፣ አማላጅነቱም በዚያ ነው። ምሕረቱ ግን ያለፈው በሚዛኑ በኩል ነው። ልጅ አስሮ የሚያሸምን ሰው በኪዳኑ ተማምኖ ሊቀጥል አይችልም፤ ሊተማመንበት የሚችለው ልጁን ከፈታ በኋላ ነው። ያ መፍታትም ፍትሕ ይባላል።

በወንጌላውያኑ ወገን ይኸው ተቃውሞ በሌላ ቃል ይመጣል፦ መዳን በጸጋ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ትስበክ፣ የኑሮን ነገር ለመንግሥት ትተው ይባላል። ለዚህ መልስ የሰጡት ከራሳቸው ቤት ናቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም.፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌልን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ ለይተው መርዳታቸውን ተቃወመች። ሰው አንድ ነው፤ አገልግሎቱም ሙሉ ሰውን መንካት አለበት የሚል ነበር ክርክሯ። ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት። በትምህርት የሚለያዩት ሁለት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዓመት መሪዎቻቸውን ለአንድ ገዥ ከፈሉ። ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ሥልጣን ለራሱ የወሰደ መንግሥት ቅድስናንና ፍትሕን አልለያየም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የፈራቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመከራው ነው። እግዚአብሔር በጽድቅ የሚገዛ ከሆነ ጻድቁ ለምን ይታመማል? ጉለሌ ይህን ጥያቄ በእንጦጦ ጸበል አይታዋለች። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ብዙ ሺህ ሕሙማን ወደዚያ ወጡ፤ ብዙዎቹ ከቤተሰብ የተባረሩ፣ የኃጢአታቸውን ዋጋ አገኙ የተባሉ ነበሩ። የእግዚአብሔርን ፍርድ ያስተማሩ የሚመስላቸው ሰዎች ያደረጉት ግን የዳኛውን ወንበር መቀማት ነው። ለኢዮብ ወዳጆች የተነገራቸው ቁጣ፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰው መልስ ይህን በር ዘግቶታል። በነጻ የሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ መድኃኒቱን ጥሎ ጸበሉን ብቻ መያዝ የእምነት መለኪያ ሲደረግ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መከሩ። ይህ ምክር የጤና መመሪያ ብቻ አልነበረም፤ የቅዱሱ ኃይል በምንጩ እንጂ በክኒኑ የለም የሚለውን ክፍፍል መቃወም ነበር። ጻድቁ ለምን እንደሚታመም ግን ኢዮብም አልተነገረውም። ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ የሰማው የዳኛውን ድምፅ ነው። የተቀበለውም ያንን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ መስሎ መስበክ ሕሙማኑን ሁለተኛ መበደል ይሆናል።

የሚቀረው ሥጋት ቅድስናን ገበያ ካወረድነው ይረክሳል የሚለው ነው። ዘካርያስ በትንቢቱ መጨረሻ የሚያየው የዚህን ግልባጭ ነው። በሊቀ ካህናቱ ግንባር ላይ በወርቅ ተቀርጾ የነበረው ለእግዚአብሔር የተቀደሰ የሚለው ጽሕፈት በፈረሶች ቃጭል ላይ ይታያል፤ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለ ድስት ሁሉ እንደ መሠዊያው ዕቃ የተቀደሰ ይሆናል። ፈረስና ድስት፣ መንገድና ማጀት። ነቢዩ ቅድስናው ወደ ታች ሲወርድ አይቶ አልሠጋም፤ የተስፋው ፍጻሜ አድርጎ ጻፈው። የቀጨኔ እናቶች የሠሩት ድስት በዚያ ራእይ ውስጥ ቦታ አለው። እንጦጦ ማርያም በር ላይ የሚወልቀው ጫማ ሲመለስ የሚወርደው በሽሮ ሜዳ ነው፤ እዚያ ነጠላ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት «ማን ሸመነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ባለሱቁ ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቀዋል፤ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከማን እጅ እንደተረከበው፣ ስንት እንደከፈለውም ያውቃል።